በመሐል የወደቀው ስም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባሕር ዳር በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እማየ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳትስቂብኝ» ብላ ጀመረችና ራሷ ቀድማ ሳቀች። ላግባሽ ያላት ልጅ እናቱ የስማዳ ሰው ናት። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠር ብለዋል። «እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪና በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ። ዘር በቴሌግራም ሲጠየቅ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ አትሳቂ ብትለኝም ሳቅሁ።

ከዚያ መነጽሬን አደረግሁ። ለመናገር መነጽር ምን እንደሚረዳኝ አላውቅም፤ ቁም ነገር ሲሆን አደርገዋለሁ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና «አባቴ ታደለ፣ የታደለ እናት ጠጅቱ፣ የጠጅቱ አባት ረታ» አልኩ፤ እዚያ ላይ ቆምኩ። የሚቀጥለው ስም ጠፍቶኝ አይደለም፣ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ብቻ ድርሻ አይደለም፤ የወንድሜ የይግዛውም ነው። እኔና እሱ እነዚህን ስሞች ለሁለት ተካፍለን ከተሸከምናቸው ስንት ዘመን አለፈ፤ አፌ ግን ክፍፍሉን አልረሳም። ስሞቹን የምጠራበት ዜማ ራሱ ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር የጭነት መኪና ዜማ ነው። ልጄ ይህን ሁሉ አታውቅም። ስልኩን አስቀመጥኩና ያን ጉዞ ሳስብ አመሸሁ።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ይግዛው አሥራ ዘጠኝ። የምንኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። የሁላችን ታላቅ አበጀ መምህር ሆኖ ነበር። ማሬ የምትባል ጤና ረዳት ወደደ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ዘር ተቆጠረ፣ ወላጆቿ እሺ አሉ፤ ሠርጉም በጥር፣ ጥምቀት አልፎ ለሚመጣው እሑድ ተቆረጠ። ማሬን በጣም ነበር የምወዳት። መርፌ ስትወጋኝ «አሁን ልወጋሽ ነው» የምትለኝ ወግታ ከጨረሰች በኋላ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ቤታችን ብትገባ ብዬ ከአበጀ በፊት የመረጥኳት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይህን ክርክር አለቀቅሁም።

ማክሰኞ ዕለት፣ ጠላው ደርሶ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ነገር መጣ። የማሬ አያት ወንድም አያ መለሰ ለሠርጉ ከገጠር መጥተው ነበርና እኛ ቤት ጎራ አሉ። ጠላቸውን እየጠጡ አባየን «እናትህ የየት ሰው ነበረች?» አሉት።

«የስማዳ።»

«ስማዳ የማን ወገን?»

«የወልደ ሩፋኤል ወገን ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ አባየ።

አያ መለሰ ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ወልደ ሩፋኤል የማሬም የሩቅ አያት ነበር።

ዘሩ የተቆጠረው በአባየ አባት በኩል ነበር። በእናቱ በኩል የቆጠረ ሰው የለም። ሁሉም ሌላው ቆጥሮታል ብሎ ዝም ብሏል። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች አንድ የጋራ የሩቅ አያት ቢኖራቸውም፣ በሁለቱም በኩል ከእሱ እስከ ወላጆቻቸው ሰባት ቤት ከሞላ ይጋባሉ። ከሰባት ካነሰ ወንድምና እህት ናቸው። ያን ጊዜ ዳስ ተጥሏል፣ እንግዳ ተጠርቷል ተብሎ የሚለመን ነገር የለም።

«በእኛ በኩል ሰባት ሞልቷል» አሉ አያ መለሰ። «በእናንተስ?»

አባየ እናቱ የሞተችው ገና በሕፃንነቱ ነው። «እኔ፣ እናቴ ጠጅቱ፣ አባቷ ረታ። ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም» አለና የዘረጋቸውን ሦስት ጣቶች እያየ ተቀመጠ። አያ መለሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጭንቀታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። «ቅዳሜ እስኪመሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እያወቅሁ ዝም ብል ኃጢአቱ የእኔ ነው» ብለው ተነሡ።

የቀሩትን ስሞች የሚያውቁ አንዲት ሰው ነበሩ፤ የጠጅቱ ታናሽ እህት፣ መንኩሰው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ዳር የሚኖሩ እማሆይ። በእግር ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ደርሶ ለመመለስ ቅዳሜ አይበቃም። በመኪና ግን በደብረ ታቦር ዞሮ፣ ንፋስ መውጫ ወጥቶ፣ በአርብ ገበያ አድርጎ ወገዳ መግባት ይቻላል፤ መኪና ከተገኘ። አውቶቡስ ያኔ ደስ ሲለው ነበር የሚመጣው። አበጀ እኔ ልሂድ አለ፤ እማየ ሙሽራ በዚህ ሰዓት ከቤት አይወጣም አለች። አባየ ደግሞ የተጠራ እንግዳ ትቶ የት ይሄዳል? ይግዛው ተነሣ። ያኔ ነው አባየ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርና፣ «ነገር የሚጸናው በሁለት ምስክር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ስም ይዤ መጣሁ ቢል አያ መለሰ አይቀበሉትም» ያለው።

«እኔ አለሁ» አልኩ። እማየ ሴት ልጅ በሰው መኪና ምን ሲባል ብላ ጮኸች። አባየ ግን የአያ መለሰን ፊት አይቶ ነበርና ፈቀደ። እውነቱን ልናገር? የአበጀ ነገር አሳስቦኝ ነበር፤ ግን ከዚያ እኩል ልቤ የሚደልቀው ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለውን አገር ላየው ነው ብዬ ነበር። ረቡዕ ማለዳ እማየ ለሚያሳፍሩን ሾፌሮች መለመኛ ይሁናችሁ ብላ ሦስት ድፎ ዳቦ በሻሽ ጠቅልላ ሰጠችን። አበጀ እስከ አስፋልቱ፣ ይቅርታ፣ አስፋልት ያኔ የለም፣ እስከ ጠጠር መንገዱ ሸኘን። ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝ። ቁልፎቹን ከታች እስከ አንገቴ አንድ በአንድ ቆለፈልኝ።

አሁን ልጆቹ ሊፍት ይሉታል። እኛ መኪና መለመን ነበር የምንለው፤ ልመና መሆኑን አልደበቅነውም። መጀመሪያ የቆመልን አጣና የጫነ መኪና ነው። አጣና ላይ ተቀምጦ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ትንሽ እንደተሄደ መቀመጫ የሚባል የሰውነት ክፍል እንደነበረህ ትረሳለህ። እኔ ግን ንግሥት ነበርኩ። ከላይ ሆኜ አገሩን ሁሉ አየሁ፤ አውድማ ላይ በሬዎች ሲዞሩ፣ ገለባው በነፋስ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ፣ ሰዎች መንሻቸውን ተደግፈው እጃቸውን ሲያውለበልቡልን። ለሁሉም እያውለበለብኩ መለስኩ። ይግዛው «አንቺ፣ ሠርገኛ መሰልሽ እኮ» አለኝ። ነኝ አልኩት።

ደብረ ታቦር ላይ ጋሽ ደርሶን አገኘናቸው። ከስማዳ እህል ሊጭኑ ባዶ ጆንያ ከምረው የሚሄዱ፣ ቁመተ አጭር፣ ሰውን ሳይጠይቁ የማያሳፍሩ ሾፌር ነበሩ። «የማን ልጆች ናችሁ? ወዴት? ለምን?» አሉ። ይግዛው ሁሉንም ነገራቸው። ዳቦውን በአፍንጫቸው አሸተቱና «ሠርግ ሲፈርስ አልወድም፤ ውጡ» አሉን። ከአጣና ወደ ጆንያ ክምር መሸጋገር ከመደብ ወደ ፍራሽ እንደ መዛወር ነው። ጉናን በስተቀኝ አድርገን ስንወጣ ብርዱ ጆሯችንን ቆረጠን፤ ጆንያ ውስጥ ገብተን አንገታችንን ብቻ አውጥተን ሄድን። ይግዛው የሚያውቀውን ዘፈን ሁሉ ዘፈነ፤ የማያውቀውንም ዘፈነ። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ደግሞ ለከተማዋ ይህን ስም ያወጣላት ሰው ካፖርት አልነበረውም ብዬ አሰብኩ። እኔ የአበጀ ካፖርት ነበረኝ።

ጋሽ ደርሶ የሚያውቋት ሴት በትኩስ ሽሮና በተቀቀለ ድንች አስተናግዳን እሷ ቤት አደርን። ሐሙስ ጠዋት የጋሽ ደርሶ ጎማ መጠገን ነበረበትና እኛን መንገድ ላይ አቆሙን። «ሌላ ለምናችሁ ቅደሙ። እኔ ማታ ወገዳ እገባለሁ፤ ዓርብ ማለዳ ጭኜ እመለሳለሁ። ጥሩምባ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ፤ ከሦስተኛው በኋላ አልጠብቅም፤ ባለ እህሉ እኔንም አይጠብቀኝም» አሉን። የከብት ክትባት የያዘ ፒክአፕ እስከ አርብ ገበያ አደረሰን። እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን ግማሽ ቀን ጠበቅን። መንገድ ላይ መጠበቅ ራሱ እንደዚያ ደስ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። አቧራ በሩቅ በታየ ቁጥር እንነሣለን፤ ፍየሎች ይሆናሉ፤ እንቀመጣለን፤ እንስቃለን። በመጨረሻ ጨው የጫነ መኪና መጣና ሁለተኛውን ዳቦ ሰጥተን ፀሐይ ሳትገባ ወገዳ ደረስን።

እማሆይ ቁመታቸው ከበትራቸው አይበልጥም። ማን እንደሆንን ስንነግራቸው የጠጅቱ ልጅ ልጆች መሆናችንን በእጃቸው ፊታችንን ዳስሰው አመኑ። እግራችንን ካላጠብኩ አሉ፤ አሻፈረን ብንልም አጠቡን። ይግዛው ወዲያው ወደ ነገሩ ሊገባ ሲል «የመንገደኛ ጆሮ አቧራ አለበት። ነገ ከኪዳን መልስ» አሉትና ተኛን።

ዓርብ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ እኛን በግራና በቀኝ አስቀመጡን። ይግዛው ደብተሩን አወጣ። «አስቀምጠው» አሉት። «በወረቀት የተያዘ ዘር ርስት ሲያካስስ ነው ያየሁት። በቃል ትይዙታላችሁ።» ከቅል ውስጥ ሰባት ባቄላ ቆጥረው አወጡ። «ታደለ» አሉና አንዷን ባቄላ መዳፌ ላይ አኖሩ። «ጠጅቱ፣ እህቴ፣ ነፍሷን ይማራት» ብለው ሁለተኛዋን አኖሩ። «ረታ፣ አባቴ። አባቱ የርስት ክርክር በረታ ሰሞን ስለተወለደ ነው ረታ ያሉት» ብለው ሦስተኛዋን ጨመሩልኝ።

አራተኛዋን ባቄላ ሲያነሡ ግን ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። ስሙን አንድ ጊዜ ጠሩና ከዚያ ወዲያ «አያቴ» ብቻ ነበር የሚሉት። አያታቸው በትከሻው ተሸክሟቸው ገበያ ይወስዳቸው ነበር። «አያቴ የተወለደው መንገድ ላይ ነው» አሉን። «እናቱ ከጋይንት ወደ ስማዳ ስትመለስ ምጥ ያዛት። የማያውቋት ሰዎች ቤታቸው አስገቧት። ዓመቱ ክፉ ነበር፤ ጎተራቸው ባዶ ነው። ለዘር ያስቀመጧትን ገብስ ፈጭተው ገንፎ አበሏት። አርባ ቀኗን ጨርሳ እስክትነሣ ድረስ እነሱ ዘንድ ቆየች። ስማቸውን የያዘልን የለም፤ ይኼ ይቆጨኛል።» ይህን ሁሉ ሲሉ ባቄላዋን በሁለት ጣታቸው ያሻሿት ነበር። ቀጥለው ወደ ይግዛው ዞሩና «ቢሻው፣ ዘለቀ፣ ወልደ ሩፋኤል» እያሉ፣ የእያንዳንዱን ነገር እያወሩ፣ ሦስት ባቄላ መዳፉ ላይ አኖሩ።

«እስቲ አንቺ በይ» አሉኝ። ሦስቱን አልኩ። «ጎበዝ። አንተስ?» ሲሉ የጋሽ ደርሶ ጥሩምባ ጮኸ። እማሆይ ባቄላዎቹን ሁሉ ሰብስበው በእራፊ ቋጠሩና እጄ ላይ ጣሉልኝ። ሁለተኛው ጥሩምባ ሲሰማ እግራቸው ላይ ወድቀን ተመረቅን። ይግዛው ድርሻውን እየሮጠ ነበር ያወረደው፤ «ቢሻው፣ ዘለቀ፣ ወልደ ሩፋኤል!» እያለ፤ ሦስተኛው ጥሩምባ ሲነፋ የመኪናውን በር ይዘን ነበር።

አሁን ከፊት፣ ከጋሽ ደርሶ ጎን ነው የተቀመጥነው። እህሉ ከኋላ ተጭኗል፣ ሰባቱ ስም እኛ ዘንድ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በላይ የተደሰትኩበት ጠዋት አላስታውስም። አበጀን አየሁት፣ ማሬን አየኋት፣ እኔ ራሴን ሙሽራዋን ተቀብዬ እልል ስል አየሁት። ይግዛው «አሁን እማሆይ አያዩኝም» ብሎ ደብተሩን አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «በይ፣ ያንቺን።» ታደለ፣ ጠጅቱ፣ ረታ አልኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ጻፈ። የራሱን ቀጠለ። ቢሻው፣ ዘለቀ፣ ወልደ ሩፋኤል። እስክሪብቶው ስድስት ላይ ቆመ።

«የቀረውን በይ» አለኝ።

«የቀረው ያንተ ነው።»

«የኔ ሦስት ነው። አራተኛው ያንቺ ነው።»

እራፊውን ፈታሁ። ባቄላዎቹ ሰባት ነበሩ። አንድ ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ ይግዛው ነጥቆኝ ቆጠራቸው። እማሆይ አያታቸውን ለማንኛችንም አልሰጡትም ነበር፤ በገዛ ጣታቸው ይዘውት ነበር። እኔ ወንድሜ ያዘው ብዬ ተውኩት፤ እሱም እህቴ ያዘችው ብሎ ተወው። ሁለት ምስክር ሆነን የሄድነው አንድ ነገር እንዳይጠፋ ነበር፤ ሁለት በመሆናችን ጠፋ።

ጋሽ ደርሶ ጉዳዩን እስኪረዱ ድረስ ተሟገትን። ከዚያ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ያስሮጠንን ጥሩምባ የነፉት ግን እሳቸው ናቸው። አርብ ገበያ ሻይ ቤት በር ላይ አቆሙ። «ወደ ወገዳ መመለስ ከፈለጋችሁ እዚህ ነው መውረጃችሁ። ከተመለሳችሁ ደግሞ ቅዳሜን አትደርሱባትም። ሻዬን እስክጨርስ ወስኑ» አሉን።

ይግዛው ገርጥቶ ነበር። ሻዩን አልነካውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አራተኛውን ካሳ እንበለው» አለኝ። «ካሳ ያልነበረበት ዘር የለም። ሰባት መሆኑን እማሆይ ነግረውናል፤ ውሸት አይደለም። የጎደለው ስም ብቻ ነው።»

ለቅጽበት ተስማማሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ የካፖርቱን ቁልፍ አንድ በአንድ የቆለፈልኝ አበጀ ትዝ አለኝ፤ የሚወልዳቸው ልጆች ዘር ሲጠየቁ ያልነበረ ሰው እየጠሩ ሊኖሩ ነው። «አይሆንም» አልኩት። «እማሆይ አያታቸውን አውጥተን ሌላ ሰው ብንተካላቸው ምን ይሉናል?» ማልቀስ ጀመርኩ። ይግዛው ራሱን ያዘ።

ጋሽ ደርሶ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እኔ ሾፌር ነኝ፤ የዘር ነገር አላውቅም» አሉ። «ግን ስም ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም። እኔን ደርሶ ያሉኝ አባቴ ከቆላ በደረሰ ማግሥት ስለተወለድኩ ነው። ሰውዬው እንዴት ነበር የተወለደው? እሱን አልነገሩሽም?»

«ነግረውናል። መንገድ ላይ ነው የተወለደው» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ። «እናቱ ስትጓዝ ምጥ ያዛት፤ የማያውቋት ሰዎች አስገቧት።»

«እንግዲያውስ» አሉ ጋሽ ደርሶ፣ «የማታውቂያት ሴት መጥታ ቤትሽ ወንድ ልጅ ብትወልድ፣ ምን ብለሽ ነው ስም የምታወጪለት?»

እኔና ይግዛው ተያየን። አፋችን እኩል ተከፈተ። «እንግዳወርቅ!»

ጋሽ ደርሶ ሻያቸውን ሱሪያቸው ላይ ደፉት። ግምት አልነበረም፤ እማሆይ ያን ስም ሲጠሩ የነበረው ድምፃቸው ጭምር ነው የተመለሰልን። ይግዛው አንሥቶ አሽከረከረኝ፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡልን። ከዚያ ወዲያ እስከ ንፋስ መውጫ፣ ከንፋስ መውጫ እስከ ደብረ ታቦር፣ ሰባቱን ስም ያለማቋረጥ ጠራናቸው። ሦስቱን እኔ፣ አራተኛውን ሁለታችንም፣ ሦስቱን እሱ። ዳገት ሲሆን ጋሽ ደርሶ ማርሽ ሲቀይሩ ስሙን ሳብ እናደርገዋለን፤ ቁልቁለት ሲሆን እናፈጥነዋለን። ኋላ ላይ ጋሽ ደርሶም አብረውን መቁጠር ጀመሩ፤ ወልደ ሩፋኤል ላይ ሲደርሱ ጥሩምባ ይነፉ ነበር።

ያን ማታ ደብረ ታቦር እሳቸው ቤት አደርን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድንች የጫነ መኪና መካነ ኢየሱስ አወረደን። ሽማግሌዎቹ ዳሱ ሥር ተሰብስበው ነበር። አበጀ ከጀርባቸው ቆሟል፤ አንገቱን እንደ ደፋ ነው። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ቀድማ አትናገርም፤ ግን የመጀመሪያው ድርሻ የእኔ ነበርና ምን ይደረግ? «ታደለ፣ ጠጅቱ፣ ረታ» አልኩ። «እንግዳወርቅ» አልን ሁለታችን። «ቢሻው፣ ዘለቀ፣ ወልደ ሩፋኤል» አለ ይግዛው።

አያ መለሰ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና «አራተኛውን ድገሙልኝ» አሉ። ደገምንላቸው። «ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም» አሉ። የይግዛውን እጅጌ ያዝኩ።

ይግዛው ግን «መንገድ ላይ የተወለደው ነው» አለ። አያ መለሰ ቀና አሉ። ዓይናቸው ጠበበ፤ በሩቅ ያለ ነገር የሚያዩ መሰሉ። «ቆይ፣ ቆይ። የዘር ገብስ ፈጭተው ገንፎ ያበሏት የዚያች ሴት ልጅ ነው?»

የገብሱን ነገር ማናችንም አላነሣንም ነበር። «አዎ፣ እሱ ነው» አልን።

«አያቴ እሳት ዳር ሁልጊዜ የሚያወራው ነገር ነው» አሉ። «የወልደ ሩፋኤል የልጁ የዘለቀ የልጅ ልጅ መንገድ ላይ ተወለደ እያለ። ታሪኩን ይዤ ስሙን ጥያለሁ። እንግዳወርቅ ነው ለካ።» ተነሡ፣ ወደ አበጀ ዞሩና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሰባት ሞልቷል፤ አግባ» አሉት። አበጀ ዳሱ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እማየ እልል አለች። እሑድ ደግሞ አንድ መኪና ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ነፍቶ በራችን ላይ ቆመ፤ ጋሽ ደርሶ ነበሩ። ሙሽራዋንና አጃቢዎቿን ያመጣናቸው በእሳቸው መኪና ነው።

ይኸው ያ ነገር ነው ስልኩን ይዤ ያስቆመኝ። በማግሥቱ ንፋስ መውጫ ወዳለው ወደ ይግዛው ደወልኩ። መምህር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ጆሮው ደከም ስላለ ስልክ ሲያነሣ ይጮኻል። «ቁጠር» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኔ ሦስቱን አልኩ፤ «እንግዳወርቅ» አልን እኩል። «ቢሻው» አለና ቆመ። ጠበቅሁት፤ አልመጣለትም። «ዘለቀ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ምን አገባሽ? የኔ ድርሻ ነው» አለኝ ተቆጥቶ። ከዚያ ሁለታችንም እስኪያስለን ሳቅን። ለካ የእሱንም ድርሻ ይዤ ነው የኖርኩት። ዳግመኛ ቆጠርንና ቀድቼው ለልጄ ላክሁላት። የማሬና የአበጀ ልጆችም ይሰሙታል፤ ለእነሱም ይሆናል።

ልጄ ወዲያው መለሰች። «እማየ፣ እንዲህማ ከሆነ ስምንት ነው እኮ። ለእኔ ሲቆጠር የሚጀመረው ካንቺ ነው።»

እውነቷን ነው፤ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን እኔም ከባቄላዎቹ አንዷ ሆኛለሁ፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጠው የመጀመሪያዋ። ልጄ ስትወልድ ሁለተኛ እሆናለሁ፣ ከዚያ ሦስተኛ። አንድ ቀን ደግሞ አራተኛ እሆናለሁ፤ የማያውቁኝ ሁለት ልጆች በመኪና እየተጣደፉ አንዱ ሌላው ያዛት ብሎ መሐል ላይ የሚጥለኝ ቀን ይመጣል። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ቀን ነው። ፈንታየ የሚለው ስሜ ቢጠፋቸው፣ ሠርግ እንዳይፈርስ ከወንድሟ ጋር መኪና እየለመነች ስማዳ ደርሳ የመጣችው ሴት ነበረች ይበሉ። ከዚያ ትንሽ ቢያስቡ ያገኙኛል።